ሽታው ነው ወይስ ቅጠሉ? ተባይን በአጃቢ ተክል ስለመከላከል

ጓሮ ያለው ሰው ይህን ምክር ሳይሰማ አይቀርም። ጎመን መሃል ነጭ ሽንኩርት ትከል፣ ሽታው ተባይ ያባርራል። ቲማቲም አጠገብ በሶብላ ይሁን። ጤና አዳም ያለበት ጓሮ ትል አይደርስበትም። ምክሩ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ነው። አሁን ደግሞ የከተማ ግብርናው ሲስፋፋ በቲክቶክና በቴሌግራም እንደ አዲስ እየዞረ ነው።

መሠረቱ ትክክል ነው። አትክልትን አሰባጥሮ መትከል ተባይን ይቀንሳል፤ አንዳንድ በሽታንም ያዘገያል። የሚሠራበት መንገድ ግን ብዙዎቻችን እንደምናስበው አይደለም። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው መደቡ ጥግ ላይ ሁለት ሦስት ነጭ ሽንኩርት ይሰካል። ጎመኑ ሲበላበት "ባዶ ወሬ ነው" ብሎ ይተወዋል። ከዚያ ወደ ኬሚካል ይሄዳል። ይህ ነገር ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም የሚረጨው እኛው የምንበላው ቅጠል ላይ ነው፤ ልጆች ሳያጥቡ ቀጥፈው አፋቸው የሚከቱት ቲማቲም ላይ ነው።

ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር።

ተባይ ጎመንን እንዴት ያገኛል?

ጎመን የሚሰነፍጥ ነገር አለው። ሰናፍጭ ስንቀምስ አፍንጫችንን የሚወጋን ያ ነገር በጎመን ዘመዶች ሁሉ ውስጥ ይገኛል። ተክሉ ይህን የሚያመርተው እንዳይበላ ነው። ብዙ ነፍሳትም በእርግጥ ይሸሹታል። የጎመን ክሽክሽ፣ የጎመን ሥር ዝንብና ዳይመንድባክ የምትባለው ትንሽዬ የእሳት እራት ግን ለምደውታል። ለእነሱ ያ ሽታ "ምግባችሁ እዚህ ነው" የሚል ጥሪ ሆኗል።

ሆኖም ሽታ የሚጠቁመው ሰፈሩን ነው፤ ቤቱን አይደለም። ነፋስ ያመጣው ሽታ "እዚህ አካባቢ ጎመን አለ" ይላል እንጂ የትኛው ቅጠል ላይ እንደሚታረፍ አይናገርም። የመጨረሻዋን ማረፊያ የምትመርጠው ዓይን ናት። ዓይን ደግሞ የምትፈልገው ቡናማ አፈር ላይ ጎልቶ የሚታይ አረንጓዴ ነገር ነው።

ይህን በዝርዝር ያጠኑት እንግሊዝ አገር ዌልስቦርን በሚገኝ የአትክልት ምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ስታን ፊንችና ሮዝመሪ ኮሊየር ናቸው። የጎመን ሥር ዝንብን ተከታተሏት። ዝንቧ ያገኘችው አረንጓዴ ነገር ላይ ታርፋለች። በእግሯ ትቀምሰዋለች። ጎመን ከሆነ ቅጠሉ ላይ ትንሽ ትራመድና ብድግ ብላ እንደገና ታርፋለች። ይህን ደጋግማ፣ በተከታታይ ጎመን ላይ ካረፈች በኋላ ነው "አዎ፣ እዚህ እንቁላል ልጣል" ብላ ወደ ግንዱ ሥር የምትወርደው። መሃል ላይ አንዴ ሌላ ተክል ላይ ካረፈች ቆጠራው ይበላሽባታል። ወይ ከዜሮ ትጀምራለች፣ ወይ ጥላ ትሄዳለች።

ውጤቱ ይህን ይመስላል። ባዶ አፈር ላይ በተተከለ ጎመን ከ100 ዝንቦች 36ቱ እንቁላል ጣሉ። ክሎቨር የሚባል መሬት ለመሬት የሚንሰራፋ የመኖ ተክል መሃል በተተከለው ጎመን ግን እንቁላል የጣሉት 7 ብቻ ናቸው።

ተመራማሪዎቹ እዚያ ላይ አላቆሙም። ኃይለኛ ሽታ ያላቸውን ተክሎች ሽታ ከሌላቸው ጋር አወዳደሩ። ሽታ ያላቸው የተለየ ብልጫ አላሳዩም። በአረንጓዴ ወረቀት የተሠራ የውሸት ቅጠል እንኳ ዝንቧን ማሳሳት ችሏል። ወረቀት ደግሞ ምንም አይሸትም።

እኔ ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው፤ የቀረው ጽሑፌ ሁሉ ከእሱ የሚመነጭ ነው። አጃቢ ተክል በአብዛኛው ተባይን አያባርርም፤ ፍለጋውን ያከብድበታል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ "የትኛው ተክል ይሸታል?" ሳይሆን "መደቤ ላይ ምን ያህል ባዶ አፈር ይታያል?" የሚለው ነው።

ነጭ ሽንኩርት ብዙውን ጊዜ ለምን እንደማይሳካም ከዚህ ይገባናል። ቅጠሉ ቀጭን ነው፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ መሬቱን አይሸፍንም። ድንብላል ወይም ሰላጣ ግን ቅጠሉን ዘርግቶ አፈሩን ይደብቃል። ጥርት ብሎ የታረመ፣ ጎመን ብቻ የቆመበት መደብ ለእኛ ያምራል። ለተባይ ግን ከሁሉ የቀለለ ኢላማ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ዘዴ የሚሠራው ምግብ በሚመርጡ ተባዮች ላይ ነው። ያገኘውን የሚበላ ተባይ ግራ አይጋባም። ችግኝ ከሥሩ ቆርጦ የሚጥለው ቆራጭ ትል ጎመን ይሁን ሰላጣ ግድ የለውም። እሱን በማታ ባትሪ ይዞ መልቀም ይሻላል።

ድንብላል ከቲማቲም ሥር

ቲማቲም የሚተክል ሰው ነጭ ዝንብን ያውቃታል። ቅጠሉን ሲነኩት እንደ ዱቄት ብን ትላለች። ጉዳቷ የምትመጠው ፈሳሽ ብቻ አይደለም፤ ቫይረስም ታስተላልፋለች። የተያዘው ቲማቲም ቅጠሉ ወደ ላይ ይጠቀለላል፣ ጠርዙ ቢጫ ይሆናል፣ ተክሉ ይቀጭጫል፣ አበባው ይረግፋል። አንዴ ከገባ መድኃኒት የለውም።

ኮስታ ሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ቲማቲም ሥር ድንብላልን እንደ ምንጣፍ ዘሩ። ነጭ ዝንቧ ቀነሰች፤ ቫይረሱም ዘግይቶ ገባ። "ዘግይቶ መግባት" ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ቲማቲም ገና ችግኝ ሳለ ከተያዘ ምርቱን እርሱት። ፍሬ ከያዘ በኋላ ከተያዘ ግን አብዛኛውን ይሰጣችኋል። ጨዋታው ያለው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ስለዚህ ድንብላሉ ቲማቲሙን መቅደም አለበት። ቲማቲሙ ከተዛወረ በኋላ የሚዘራ ድንብላል ለወጥ ይሆናል እንጂ ለዚህ ጉዳይ አይደርስም።

ድንብላል ሁለተኛ ጥቅምም አለው፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። ሲያብብ አበባው ጥቃቅንና ክፍት ነው፤ ማሩ ጥልቅ ውስጥ አይደበቅም። እንስላልም እንዲሁ ነው። እነዚህ አበቦች ላይ የሚመገቡት ትንንሽ ተርቦችና አየር ላይ ቀጥ ብለው የሚያንዣብቡ ዝንቦች ናቸው። የዝንቦቹ ልጆች ክሽክሽ ይበላሉ። ተርቦቹ ደግሞ እንቁላላቸውን ክሽክሹ ሆድ ውስጥ ይጥላሉ።

ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ክሽክሽ የወረረው የጎመን ቅጠል ገልብጡ። ግራጫ ዱቄት የተነፋባቸው ከሚመስሉት ክሽክሾች መሃል አንዳንዶቹ ያበጡ፣ የወርቅ ቡኒ መልክ ያላቸው፣ እንደ ወረቀት የደረቁ ሆነው ታገኛላችሁ። አይንቀሳቀሱም። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ ጀርባቸው ላይ ክብ ቀዳዳ አለ። ተርቧ ውስጡን በልታ ጨርሳ የወጣችበት በር ነው። እንደዚህ ያሉትን በብዛት ካያችሁ ርጭቱን ተዉት፤ ሥራው እየተሠራላችሁ ነው። ያን ቀን ብትረጩ ጠባቂዎቻችሁንም አብራችሁ ትገድላላችሁ። ክሽክሽ ደግሞ ከእነሱ ቀድሞ ይመለሳል፤ ሴቷ ያለ ወንድ ትወልዳለችና።

በርበሬ በበቆሎ አጥር

በርበሬና ቃሪያ ላይ ቅጠሉን ዥንጉርጉር አድርገው የሚያቀጭጩ ቫይረሶች አሉ። አንዱ እንዲያውም በአገራችን ስም የተሰየመ ነው፤ የኢትዮጵያ በርበሬ ሞትል ቫይረስ ይባላል። የሚያስተላልፉት ክንፍ ያላቸው ክሽክሾች ናቸው። ቫይረሱ የሚቀመጠው ክሽክሹ በሚወጋበት አፍ ጫፍ ላይ ነው። እዚያ ብዙ አይቆይም።

ዘዴው እዚህ ላይ ይመጣል። ከበርበሬው ቀድሞ፣ ዙሪያውን ሁለት ሦስት መስመር በቆሎ ወይም ማሽላ ይዘራል። በርበሬው ሲተከል በቆሎው ከፍ ብሎ ይጠብቃል። ከውጭ የሚመጣው ክሽክሽ መጀመሪያ የሚያገኘው በቆሎውን ነው። ያርፋል፣ ወጋ አድርጎ ይቀምሳል፣ አይመቸውም፣ ይነሳል። ሲወጋ ግን አፉ ላይ የያዘውን ቫይረስ በቆሎው ላይ አራግፏል። የበርበሬ ቫይረስ በቆሎን አይጎዳም። ክሽክሹ በርበሬው ጋ ቢደርስ እንኳ ባዶ አፉን ነው።

ኬሚካል ይህን ማድረግ አይችልም። ቫይረሱ የሚተላለፈው በሰከንዶች ውስጥ ስለሆነ መድኃኒቱ ክሽክሹን እስኪገድል በርበሬው ተይዟል።

በሰብል ዳር ሌላ ሰብል መዝራት ለገበሬያችን አዲስ አይደለም። ጤፍ ዙሪያ ሱፍ ይዘራል። ሱፍ እሾሃም ነው፤ ከብት አይደፍረውም። ሐሳቡ አንድ ነው፤ ያኛው በሬ ይመልሳል፣ ይኼኛው ክሽክሽ።

ሽታ ጭራሽ አይሠራም ማለት ነው?

እንደዚያ አላልኩም። በዚህ ረገድ በአፍሪካ ትልቁን ስም ያገኘው ዘዴ በ1990ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ኬንያ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ ከእንግሊዙ የግብርና ምርምር ተቋም ሮታምስቴድ ጋር ያዳበረው ነው። በቆሎ መሃል ዴስሞዲየም የሚባል የመኖ ተክል ይዘራል፤ ዳር ዳሩን የዝሆን ሣር ይተከላል። ማብራሪያው ይህ ነበር፤ ዴስሞዲየም በሚያወጣው ሽታ የአገዳ ቆርቋሪን፣ የበቆሎ አገዳ ውስጥ ገብቶ የሚበላውን ተባይ፣ ይገፋል፣ የዝሆን ሣር ወደ ራሱ ይስባል። የዝሆን ሣሩ ውስጥ የገባው ትል ተክሉ በሚያመነጨው ሙጫ መሰል ፈሳሽ ይሞታል። በዚያ ላይ የዴስሞዲየም ሥር የአቀንጭራን ዘር ያለ ጊዜው እንዲበቅል አድርጎ ይፈጀዋል። ዘዴው ወደ ኢትዮጵያም ገብቶ ገበሬዎች ይጠቀሙበታል።

ዘዴው እንደሚሠራ ማሳው ይመሰክራል። እንዴት እንደሚሠራ ግን በቅርብ ዓመታት ክርክር ተነስቷል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ዴስሞዲየም ማሳ ላይ የሚያወጣው ሽታ አነስተኛ ነው ይላሉ። ይልቁንም ቅጠሉና ግንዱ ላይ ያሉት መንጠቆ መሰል ጥቃቅን ፀጉሮች ትሉን ወግተው ያስቀራሉ ብለዋል። ዴስሞዲየምን የዳሰሰ ሰው ልብስ ላይ እንደሚጣበቅ ያውቃል። ሌሎች ደግሞ ሽታው አለ ብለው ይከራከራሉ። ለእኔ ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ትምህርቱ ግን ያው ነው፤ ሽታ ተባለ ተብሎ ነገሩ አያልቅም።

ጤና አዳምን በተመለከተ ጓሮ ውስጥ መኖሩ ደስ ይለኛል፤ ለቡናው ለአይቡም ያስፈልጋል። ተባይ ያስቀራል ብሎ ጎመኑን ለእሱ አደራ መስጠት ግን አይቻልም። ጤና አዳም ስትከረክሙ ደግሞ ተጠንቀቁ። ፈሳሹ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት ቃጠሎ ውኃ ይቋጥራል።

በሽታ ሌላ ጉዳይ ነው

እስካሁን ያወራሁት በአብዛኛው ስለ ነፍሳት ነው። በሽታ ላይ የአጃቢ ተክል አቅም ያንሳል። እዚህ ላይ ጥሩ ጎረቤት ከመፈለግ ይልቅ መጥፎ ጎረቤትን ማራቅ ይበልጣል።

ድንችና ቲማቲም ጎን ለጎን አይተከሉም። ዘመዳሞች ናቸው። ባለሙያዎች ሌት ብላይት የሚሉት፣ ቅጠሉን ውኃ እንደነካው አጥቁሮ በቀናት ውስጥ የሚያከስመው በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው በነፋስ ይተላለፋል። በ1845 አየርላንድ ገብቶ ሕዝብ በረሃብ ያስጨረሰው ይኸው ነው። የባክቴሪያ አጠውልግም እንዲሁ ሁለቱን ያጠቃል፤ በርበሬንና ደበርጃንንም ይጨምራል። እሱ የሚኖረው አፈር ውስጥ ስለሆነ ማራቅ ብቻ አይበቃም። ከአንዱ በኋላ ሌላውን በዚያው መደብ አለመትከል ያስፈልጋል።

ነጭ ሽንኩርት የሚያመርቱ አካባቢዎች ደግሞ ሥሩን ነጭ ሻጋታ አልብሶ የሚያበሰብሰውን በሽታ ያውቁታል። የፈንገሱ ጥቁር ፍሬዎች ከጤፍ ፍሬ አይበልጡም። አፈር ውስጥ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ተኝተው መቆየት ይችላሉ። የሚቀሰቅሳቸው ምን መሰላችሁ? የሽንኩርት ዘመዶች ሥር የሚያወጣው፣ ያ "ተባይ ያባርራል" የምንለው የድኝ ሽታ ነው። በሽታው ባለበት አፈር ነጭ ሽንኩርትን አጃቢ ብሎ መትከል ጠላትን መቀስቀስ ነው።

አበባ ተክሎ ከበሽታ መዳን የሚቻልበት አንድ ጥሩ ምሳሌ አለ፤ ማሪጎልድ። ችግኝ ጣቢያዎች የሚሸጡት ብርቱካናማ አበባ ነው። ሥሩ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር የቲማቲምን ሥር የሚያቋጥረውን ኔማቶድ፣ አፈር ውስጥ የሚኖረውን በዓይን የማይታይ ትል፣ ይገድላል። ግን ከቲማቲሙ ጎን አንድ ሁለት እግር መትከል ፋይዳው ትንሽ ነው፤ ኔማቶዱ የሚሞተው የማሪጎልዱ ሥር ውስጥ ሲገባ ነውና። መደቡን ሙሉ በሙሉ ማሪጎልድ ማልበስ፣ ሁለት ወር ወይም ከዚያ በላይ ማቆየት፣ ከዚያ እዚያው አፈር ውስጥ መቀላቀል፣ ቀጥሎ ቲማቲም መትከል ነው የሚሻለው።

ኔማቶድ መኖሩን ለማወቅ የደከመ ቲማቲም ነቅላችሁ ሥሩን እጠቡት። እብጠቱ የሥሩ አካል ሆኖ እንደ ዝንጅብል ከተጎባበጠ ኔማቶድ ነው። ከባቄላ ወይም ከአተር ሥር ጋር አታምታቱት። የእነሱ እንክብሎች በጥፍር ሲነኩ ወዲያው ይላቀቃሉ፤ ሲፈርጡ ውስጣቸው ቀላ ያለ ነው። እነዚያ አፈር የሚያዳብሩ ባለውለታዎች ናቸው።

አንድ መደብ ቢሰጠኝ

1.2 ሜትር ስፋት ባለው መደብ ላይ ጥቅል ጎመን በሁለት መስመር እተክላለሁ፤ በመስመሮቹ መሃል 60፣ በችግኞቹ መሃል 40 ሴንቲ ሜትር። ችግኙ ከመዛወሩ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብዬ ድንብላሉን እዘራለሁ። ጎመኑ የሚቆምበትን ዙሪያ አንድ ስንዝር ክፍት እተወዋለሁ፣ አለዚያ ድንብላሉ ውኃውንና ፍጉን ይሻማዋል። ይህ ሽሚያ እውነተኛ ዋጋ ነው፤ መደበቅ ያለ ዋጋ አይመጣም። ድንብላሉን ለወጥ እየቀነጠሱ ማሳጠር ሽሚያውን ይቀንሰዋል። ጥቂት እግሩ ግን ሳይቀነጠስ አብቦ ይቆይ፣ ለተርቦቹ።

ይህ የበጋ ዕቅድ ነው። ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብና ትሪፕስ የሚባሉት ቅጠል የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት የሚበዙት በደረቁ ወራት ስለሆነ አፈር መሸፈን ያኔ ያዋጣል። ክረምት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ዝናቡ ራሱ ክሽክሹን ያጥበዋል። የሚያሰጋው እርጥበት ነው። ጥቅጥቅ ብሎ የተተከለ ቲማቲም ቅጠሉ ሳይደርቅ ይውላል፤ ሌት ብላይት የሚፈልገውም ይህን ነው። በክረምት አራርቁ፣ የታችኛውን ቅጠል ግፈፉ፣ ነፋስ ይግባ።

ቱታ አብሶሉታን ግን በዚህ ዘዴ እመልሳለሁ ብላችሁ አትሞክሩ። ከደቡብ አሜሪካ ተነስታ በ2012 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) አገራችን የገባች የቲማቲም ተባይ ናት። ትሉ ቅጠሉ ውስጥ ስለሚኖር ከውጭ የሚደረግ ነገር ብዙም አይነካውም። የተበላውን ቅጠልና ፍሬ ለቅሞ መቅበር፣ የፌሮሞን (በሴቷ ሽታ ወንዱን የሚስብ) ወጥመድ መስቀል፣ ችግኙን በመረብ መሸፈን ይሻላል።

በመጨረሻ ማጥመጃ ተክልን ላንሳ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ። ተባዩ አብልጦ የሚወደውን ተክል ዳር ላይ ተክሎ እዚያ ማስቀረት ማለት ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ ጥቅል ጎመንን ቅጠሉ እየተቀጠፈ በሚበላ የጎመን ዓይነት ከብበው ዳይመንድባክን ዳር ላይ ማስቀረት ተችሏል። ነገር ግን የተሳበው ተባይ እዚያው ይራባል። በየሳምንቱ ቅጠሉን እየገለበጣችሁ ትሉን ካልለቀማችሁ፣ ሲበዛም ተክሉን ነቅላችሁ ካላስወገዳችሁት፣ ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ልጆቹ ወደ መሃል ይገባሉ። መልቀሚያ ጊዜ የሌለው ሰው ማጥመጃውን ባይተክል ይሻለዋል፤ ድንብላሉ ይበቃዋል።